ኮረፌ ጠርሙስ አይገባም

ኮረፌ፣ በየቤቱ የሚጠመቀው የገብስ መጠጥ፣ ጠርሙስ አይገባም። ቢታሸግም መፍላቱን አያቆምምና ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ዛሬ ጠዋት የደረሰ ኮረፌ ነገ ይኮመጥጣል፤ ከነገ ወዲያ ደፍሮ የሚጠጣው አይገኝም። ስለዚህ ኮረፌ ያማረው ሰው የተጠመቀበት ቤት ድረስ መሄድ አለበት። ሌላ መንገድ የለም።

ጎንደር ቢራ አጥታ አይደለም። የዳሸን ፋብሪካ እዚሁ ነው። ድራፍቱን እኔም እወደዋለሁ። ግን ቢራ የትም ብትሆኑ ይመጣላችኋል። ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ያው ነው። ኮረፌ ሰፈር አለው፣ ቤት አለው፣ ጠማቂ አለው። ሰው ሲቀምሰው "የማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ይህን የምጽፈው እንዲህ የሚጠየቅላት አንዲት ቤት እንዳትዘጋ ስለምፈልግ ነው።

ቤቷ ከከተማ ወጣ ትላለች። ከፒያሳ ተነስታችሁ በሰሜኑ አስፋልት፣ ወደ ወገራና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ትወጣላችሁ። ወለቃን አልፋችሁ ብዙ ሳትርቁ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባሕር ዛፍ የከበበው የድንጋይ ቤት አለ። ታፔላ የለውም። ምልክቱ ረዥም አጠና ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ጣሳው ካለ ኮረፌ አለ። ጣሳው ከወረደ አልቋል፤ መንገዳችሁን ቀጥሉ።

ወደዚያ የወሰደኝ አያ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ አያ ነው የሚለው። ለእሱ ኮረፌ የእሁድ ነገር ነው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ቁርሱን ቀምሶ፣ ነጠላውን ሳይቀይር ይሄዳል።

በሩ ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ብለን ስንገባ ቀድመው የተቀመጡት ሰዎች ከመደቡ ብድግ አሉ። "ኖር!" አሉን። አያ "በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ" እያለ በእጁ መለሳቸው። አንዳቸውም አያውቁኝም። ከተማ ውስጥ ካፌ ስገባ ከስልኩ ቀና ብሎ የሚያየኝ ሰው የለም። እዚህ ግን ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ለእኔ ተነሱ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን።

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ግድግዳው መታየት ጀመረ። ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በጭቃ የተያያዘ። ቤቱ ሲሠራ በድንጋዮቹ መሃል የበሬ ቀንዶች ተተክለዋል፤ ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ብሏል። ብዙ እጅ ስለነካቸው እንደተወለወለ እንጨት ያብረቀርቃሉ። አሁን አንዱ ላይ ጃንጥላ፣ አንዱ ላይ የስልክ ቻርጀር ተንጠልጥሏል። ድሮ ኮርቻና ስልቻ ይሰቀልባቸው ነበር። ከላይ ደርብ አለ፤ ወለሉ ከወፍራም የጥድ ግንድ ነው። ጣሪያው ሣር ነበረ፣ ዛሬ ቆርቆሮ ነው።

ባለቤቷን ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው። እኔም ከዚያ ውጪ አልጠራቸውም። አያን ከሩቅ አይተው "ዛሬ ደግሞ ማንን አምጥተህ ነው?" አሉት። "የእህቴ ልጅ ነው። ኮረፌ አልጠጣም እንዳይል ያንች ቤት አመጣሁት" አለ። እንደ ልጅነታቸው ነው የሚነጋገሩት፤ አብረው ነው ያደጉት።

ከዚያ ጣሳው መጣ። እማማ መጀመሪያ በግራ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። የቀዳ ሰው ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም፤ ወጉ ነው። ከዚያ እፍ ብለው አረፋውን ወደ አንድ ጎን ገፉና ሰጡኝ። የቢራ አረፋ ነጭ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። የኮረፌ አረፋ የተቆላ ገብስ መልክ አለው። ወፍራም ነው፤ ጣሳው አፍ ላይ ጉች ብሎ ይቆያል። ጆሮ ጠጋ ካደረጉት ከሥር ሲፈላ ይሰማል። ስጠጣው መጀመሪያ የደረሰኝ ጭሱ ነው። ከዚያ ገብሱ መጣ፣ ከዚያ ኮምጠጥ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ የጌሾው ምሬት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ስለማይጣራ ወፈር ያለ ነው። መጠጥም ምግብም ነው። ደቦ የወጣ ገበሬ ኮረፌ ጠጥቶ ሲያጭድ የሚውለው ለዚህ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃቸው ደስ አላቸው። "ና ጓዳ ግባ" አሉኝ። ብዙ ቤት ጓዳው ለእንግዳ አይከፈትም፤ በተለይ ለወንድ። እኔን ግን ይዘውኝ ገቡ፣ ክዳን እየከፈቱ አሳዩኝ።

"አየህ ልጄ፣ ኮረፌ ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራ" አሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ረዥሙ ነው። ገብሱ ይነከርና ውሃው ተጠንፍፎ በቅጠል ይሸፈናል። ጎንቆል ሲያወጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያ ብቅል ነው። የጌሾው ቅጠል ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል። ብቅሉና ጌሾው በውሃ ተበጥብጠው ይጠነሰሳሉ። ሌላው ገብስ ደግሞ ሲነከር አድሮ፣ ተፈትጎ፣ ምጣድ ላይ ይቆላል፤ ከዚያ ይፈጫል። ይህ ደረቆት ይባላል። የኮረፌው መልክና ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። እማማ አቆላሉን ለሌላ ሰው አይተዉም። "ካረረ ጠላ ጠላ ይላል፣ ካልበሰለ ሊጥ ሊጥ ይላል" አሉኝ። ደረቆቱ ከጥንስሱ ጋር ሲደባለቅ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ጋን ውስጥ አፉ ታሽጎ ይቀመጣል። ሳምንታት ይቆያል፤ ሁለትና ሦስት ወር የሚቆይም አለ።

ሁለተኛው ሥራ አጭር ነው። ኮረፌ ሲፈለግ ከድፍድፉ ተጨልፎ በውሃ ይበጠበጣል። አንድ ሌሊት ያድራል። ጠዋት ይጠጣል። በቃ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ብቅል ሲበቅል በፍሬው ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጥበት ኢንዛይም ይፈጠራል። ስኳሩን እርሾ ይበላዋል፤ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። የፋብሪካ ቢራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ፋብሪካው ለምሬትና መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ሆፕስ ይጨምራል፤ እማማ ጌሾ ይጨምራሉ። ፋብሪካው እርሾውን በላቦራቶሪ ያሳድጋል፤ የእማማ እርሾ ከጌሾው፣ ከእህሉና ከጋኑ ይመጣል። ቴርሞሜትር የላቸውም። እጃቸውን ጋኑ ሆድ ላይ ያሳርፋሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ያሸታሉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የቢራ ፋብሪካ አገራችን ውስጥ የተከፈተው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ። ከዚያ በፊት የጠመቁት ሁሉ እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው። ቤተ ክህነቱን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ገበሬውን፣ ማኅበርና ሰንበቴውን፣ ሰርግና ተዝካሩን ያጠጡት እነሱ ናቸው።

ጋኑ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ግራዋው ሲታሽ ጋኑ ውስጥ እንደ ሳሙና አረንጓዴ አረፋ ያወጣል። ከዚያ ይደፋና በጥንጁት ይታጠናል። ወይራም ይሆናል፣ የእማማ ምርጫ ግን ጥንጁት ነው። ያ ጭስ ነው መጀመሪያ የቀመስኩት። ከጋኖቹ ሁለቱ በጣም ያረጁ ናቸው። ወገባቸው በጠፍር ታስሯል። እማማ አንዱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና "ይኸ የወለቃ ሰዎች ሥራ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ከየት ይመጣል?" አሉ።

ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። ሴቶቹ በሸክላ፣ ወንዶቹ በብረት ሥራ ይታወቁ ነበር። የጎንደርን ጓዳ የሞሉት ጋን፣ እንስራና ድስት ብዙዎቹ ከእነሱ እጅ የወጡ ናቸው። ያኔ ግን የሠሩትን ገዝቶ ስማቸውን በክፉ የሚያነሳው ሰው ብዙ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚያ በፊትም በሱዳን በኩል የሄዱ አሉ። ዛሬ ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ አብዛኛው ሥራቸው ግን ለቱሪስት የሚሸጥ ትንንሽ ቅርጽ ነው። ሰው የሚያህል ጋን የሚሠራ እጅ ተመናምኗል። እማማ አሁን አዲስ ድፍድፍ ሲያደርጉ ፕላስቲክ በርሜል ይጠቀማሉ። ፕላስቲክ አይታጠንም። ልዩነቱን አፌ ባያውቀውም የአያ አፍ ያውቀዋል። ከበርሜሉ የተቀዳውን አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጎ አስቀመጠው።

ቤቱ መጀመሪያ የነጋዴ ማደሪያ ነበር። የእማማ አያት ናቸው የሠሩት፤ ከጣሊያን በፊት ነው ይላሉ። ቦታውን ያየ ሰው ለምን እዚህ እንደሠሩት ይገባዋል። የቀይ ባሕር ንግድ ወደ ጎንደር የሚገባው በዚህ በኩል ነበር፤ ከምጽዋ ተነስቶ፣ አድዋን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ተነስቶ በትግራይ በኩል ይመጣ ነበር። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ደግሞ ከደቡብ መጥቶ በዚህ በኩል ወደ ባሕሩ ይወርድ ነበር። ሲራራው መሽቶበት ጎንደር አይገባም። ዳር ላይ ያድራል፣ በቅሎውን ያሳርፋል፣ ጠዋት ገበያ ይገባል።

ያን ጊዜ ነው እማማ "ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራ" ያሉት ነገር በደንብ የገባኝ። ሲራራ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ወንዝ ይሞላበታል፣ ሽፍታ ያስቀረዋል። ጠላ ከመጀመሪያው ጠንስሶ ለማድረስ ቀናት ይፈልጋል። ድፍድፍ ያለው ቤት ግን ዛሬ ማታ ሰው ቢመጣ ለነገ ጠዋት ኮረፌ አለው። ለማደሪያ ቤት ከዚህ የተሻለ መጠጥ አይገኝም። የእማማ አያት ሚስት ድፍድፉን ዓመቱን ሙሉ ጋኑን ሳያጎድሉ ይይዙት ነበር አሉ።

ብርዝም ነበር። የጎንደር ነጋዴ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። በ1668 እ.ኤ.አ. በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው ሰፈር ይኑሩ ብሎ ወሰነ፤ አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር ታሪክ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ውሳኔው ሰፈር ለየ እንጂ መንገዱን መለየት አልቻለም። በዚህ ቤት ደርብ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አድረዋል። ላንዱ ኮረፌ፣ ላንዱ ያልፈላ የማር ብርዝ። ሥጋው በየቢላው ነው፣ ሽሮው የጋራ። እማማ ይህን የሚያወሩት ትልቅ ነገር ብለው አይደለም፤ እንግዳ እንዲህ ነው የሚስተናገደው ብለው ነው። እኔ ግን ዛሬ ስሰማው ልቤ ሞላ።

ማደሪያውን የዘጋው መኪና ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ መንገድ መጥረግ ጀመረ። ሊማሊሞን ቆርጦ የመኪና መንገድ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ከደባርቅ የተነሳ ጭነት በዚያው ቀን ጎንደር ይገባል። በቅሎ የሚያስር ቀረ። ደርቡ የእህል ጎተራ ሆነ። ኮረፌው ግን ቀጠለ፤ የሚጠጣው ነጋዴ ሳይሆን ጎረቤት ሆነ።

ስለ ጎንደር ስናወራ ሁልጊዜ ግንቡ ላይ እንቆማለን። እኔም ግንቡን እወደዋለሁ፤ ሥሩ ኳስ እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት። አጼ ፋሲል ከተማዋን ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መናገሻ አደረጓት። ቅጥሩ 900 ሜትር ያህል ነው። 12 በሮች አሉት፤ አብዛኞቹ የሚጠሩት በሰውና በሥራ ነው። አዝማሪ በር አለ። ለዳኞቹ ወንበር በር አለ። ለጥጥ ፈታዮቹ አደናግር በር አለ። እምቢልታ በርና ባልደራስ በርም አሉ። በጠማቂ ስም የተጠራ ግን የለም። የአጼ በካፋን የግብር አዳራሽ ያየ ሰው ስፋቱን ያስታውሳል። ያን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጠጣው ጋን በማን ጀርባ ወጣ? ማን አጥቦ አጠነው? ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ድንጋዩ ተጽፏል። የእማማ እጅ አልተጻፈም።

እና የእማማ እጅ ከድንጋዩ ቶሎ ያልፋል። የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ገብስ ተወዷል። ማገዶ ተወዷል። መንገድ ሲዘጋ ጌሾ አይገባም። ልጆቻቸው አዲስ አበባና ውጭ አገር ናቸው፤ "እናታችን፣ በቃሽ፣ ዕረፊ" ይሏቸዋል። ከፍቅር ነው የሚሉት። አብራቸው የቀረችው ምራታቸው ናት። እሷ ተምራለች። ገብሱን መቁላት ግን ገና አልተፈቀደላትም፤ ከጎን ቆማ ታያለች። "ለፋሲካ እሷ ትቆላለች" ሲሉ ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታ ፊቷን አዞረች፤ እየሳቀች ነበር።

አንዳንድ ሰው ቤቱ "ቢለማ" ይላል። መድረክ ይሠራለት፣ አዝማሪ ይቅጠር፣ አስጎብኚ ፈረንጅ ይዞ ይምጣ፣ ግድግዳው ላይ ጋሻ ይሰቀል። እኔ አልስማማም። እንዲህ የሆኑ ቤቶች አይቻለሁ፤ ጥሩ ምግብ ይኖራቸዋል፣ ተነስቶ "ኖር" የሚላችሁ ሰው ግን አይኖርም። ይህች ቤት የምትፈልገው ቀላል ነገር ነው። አንድ ጎበዝ ሸክላ ሠሪ ትልቅ ጋን እንዲሠራ የሚያዝ ሰው። የደርቡን ወለል የሚጠግን አናጢ። ከዩኒቨርሲቲው ደብተር ይዞ መጥቶ ከብቅሉ እስከ ጣሳው ድረስ እማማ የሚሉትን ቃል በቃል የሚጽፍ ተማሪ። እና የሚጠጣ ሰው። ከሁሉም በላይ የሚጠጣ ሰው።

መሄድ ለሚፈልግ፦ እሁድ ረፋዱ ላይ ነው ጥሩው። ከሰዓት በኋላ ኮረፌው ያልቃል፣ ካላለቀም መኮምጠጥ ይጀምራል። በጾም ቀን ንፍሮና ቆሎ እንጂ ሌላ የሚበላ የለም። ቤት ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ጀሪካን ያዙ፣ ክዳኑን ግን አታጥብቁት፤ አለበለዚያ አዘዞ ሳትደርሱ መኪናው በኮረፌ ይታጠባል። ጓዳውን ለማየት መጀመሪያ እማማን አስፈቅዱ። ፎቶም እንደዚያው። የሚነዳው ሰው አይጠጣ። ብርዝ እንዲዘጋጅለት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ማር ከጎረቤት ያስመጣሉ።